የግቢ መዋኛ ገንዳ፦ ስለ እጅ ቫኪዩምና ስለ መሳቢያ ቧንቧ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ገንዳ ለማሠራት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ሴራሚኩ ቀለምና ስለ መብራቱ ነው። ቧንቧውን ለቧንቧ ሠራተኛው ይተወዋል። ገንዳው ከተሞላ በኋላ ግን ባለቤቱን የሚያሳርፈውም የሚያደክመውም ከኮንክሪቱ ስር የተቀበረው ነገር ነው። እዚህ ላይ በብዛት የምናወራው ስለዚያ ስለተቀበረው ክፍል ነው።

የእጅ ቫኪዩም ምንድን ነው? የራሱ ሞተር አለው?

የለውም። የሚስበው ውሃውን በየቀኑ የሚያዞረው ያው የገንዳው ፓምፕ ነው። ግድግዳው ላይ ባለ መሰኪያ ረጅም ጎማ ይሰካል። በጎማው ሌላ ጫፍ ጠፍጣፋ የቫኪዩም ጭንቅላት ይገጠማል። ጭንቅላቱን በረጅም የአሉሚኒየም ዘንግ ወለሉ ላይ እየገፋችሁ ትሄዳላችሁ። የተኛው አቧራና አሸዋ ከውሃው ጋር ተስቦ ወደ ፓምፑ፣ ከዚያ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። የተጣራው ውሃ ወደ ገንዳው ይመለሳል።

ከገንዳው እስከ ፓምፑ ያለውን ቧንቧ የመሳቢያ መስመር እንለዋለን። ከፓምፑ በኋላ ያለው የግፊት መስመር ነው። "ቫኪዩሙ አልስብ አለኝ" የሚባለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የጭንቅላቱ ጥፋት አይደለም። የመሳቢያ መስመሩ ነው።

ስኪመር ካለኝ የቫኪዩም መስመር ለብቻው ምን ያደርግልኛል?

ስኪመር የውሃውን ፊት የሚጠርግ አፍ ነው። የጃካራንዳ አበባ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ነፍሳት ወለሉ ላይ ከመስጠማቸው በፊት የሚያዙት እዚያ ነው። ጎማችሁን ስኪመሩ ላይ ከሰካችሁ በዚያ ሰዓት የውሃውን ፊት የሚጠርግ የለም ማለት ነው። ይሠራል፣ ግን ሁለቱን ሥራ በአንድ አፍ ነው የምታሠሩት።

ለብቻው የተዘረጋ መስመር ሌላም ጥቅም አለው። የራሱ ቫልቭ ስላለው ኃይሉን መመጠን ትችላላችሁ። ስኪመሩን ግማሽ ከፍታችሁ ቫኪዩሙን ሙሉ መክፈት፣ ወይም ተቃራኒውን ማድረግ ነው። ጎማው በድንገት ቢታፈንም ፓምፑ ከሌላኛው መስመር ውሃ ስለሚያገኝ አይጎዳም።

ገንዳው ገና እየተሠራ ከሆነ ምክሬ አንድ ነው፤ መስመሩን አስገቡት። በዚያ ደረጃ ተጨማሪው ወጪ ጥቂት ሜትር ቧንቧ፣ አንድ መሰኪያና አንድ ቫልቭ ነው። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ግን መፍረስ ያለበት ነገር ይበዛል።

መሰኪያው የት ይቀመጥ?

ቁመቱን በተመለከተ፣ ከውሃው መስመር በታች ከ15 እስከ 30 ሳንቲሜትር ጥሩ ነው። ከዚያ ከፍ ካለ ውሃው ትንሽ ሲቀንስ አየር መሳብ ይጀምራል። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ጎማውን ለመሰካት ልብስ አውልቆ መግባት ግድ ይሆናል።

ቦታው ደግሞ ረጅሙ ግድግዳ መካከል ላይ ይሁን። 10 ሜትር በ5 ሜትር የሆነና ጥልቀቱ 2 ሜትር የሚደርስ ገንዳ እንውሰድ። መሰኪያው ረጅሙ ግድግዳ መካከል ከሆነ ሩቁ ጥግ 7 ሜትር ያህል ይርቃል። ጥልቀቱን ጨምሩበትና 10 ሜትር ጎማ ይበቃችኋል። መሰኪያው አጭሩ ግድግዳ ላይ ከሆነ ግን ሩቁ ጥግ ከ10 ሜትር በላይ ስለሚሆን 13 ሜትር ጎማ ያስፈልጋል። ጎማ በረዘመ ቁጥር መሳቡ ይደክማል፤ ለመጎተትም ይከብዳል።

ሠራተኛው ብዙ ጊዜ መሰኪያውን ለፓምፑ በሚቀርበው ጥግ ላይ ያደርገዋል፤ ቧንቧ ለመቆጠብ ነው። እዚህ ላይ አትስማሙ። ቧንቧው አንድ ጊዜ ይዘረጋል፤ ጎማውን ግን በየሳምንቱ የምትጎትቱት እናንተ ናችሁ።

የቧንቧው ውፍረት ስንት ይሁን?

ለተለመደ የግቢ ገንዳ ባለ 63 ሚሊሜትር የግፊት ፒቪሲ፣ ፒኤን 10 (እስከ 10 ባር ግፊት የሚችል) የተጻፈበት። ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

ያ 10 በ5 ገንዳ በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ካለው 75 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ውሃውን በ6 ሰዓት አንድ ጊዜ ለማዞር በሰዓት 12.5 ሜትር ኩብ መሳብ አለበት። በመሳቢያ መስመር ውስጥ ውሃው በሴኮንድ ከ1.5 ሜትር በላይ ባይፈጥን ይመረጣል። በዚህ ፍጥነት የ50 ሚሊሜትር ቧንቧ በሰዓት 8.5 ሜትር ኩብ አካባቢ፣ የ63ቱ ደግሞ 14 አካባቢ ያሳልፋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ለተመሳሳይ የውሃ መጠን የ50ው ሰበቃ፣ ማለትም ውሃው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ የሚባክነው ኃይል፣ ከ63ቱ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። በቀጭን ስትሮ የአቮካዶ ጁስ ለመጠጣት የሞከረ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ በደንብ ልብ በሉት። እኛ አገር ለቤት ውሃ የለመድነው በሙቀት የሚበየደው ፒፒአር ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው። ፒኤን 20 የሆነው ባለ 63 ፒፒአር የውስጥ ስፋቱ 42 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የ63 ፒቪሲ ውስጥ ግን 57 አካባቢ ይደርሳል። "63 ነው ያስገባሁልህ" የሚላችሁ ሠራተኛ አልዋሸም፤ ውሃው የሚያልፍበት ቀዳዳ ግን ከ50 ሚሊሜትር ፒቪሲም ያነሰ ነው። ሁልጊዜ የውስጡን ስፋት ጠይቁ።

የፍሳሽ ቧንቧ ደግሞ በፍጹም አይሆንም። ስሱ ነው፣ መጋጠሚያውም መሳብን እንዲቋቋም አልተሠራም። ዋጋው ስለሚረክስ ያጓጓል፤ በኋላ ከአፈር ስር አየር መሳብ ይጀምራል።

የአዲስ አበባ ከፍታ በፓምፑ ላይ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ብዙ ባለሙያ እንኳን ይረሳዋልና።

ፓምፕ ውሃን አይጎትትም። የሚያደርገው አፉ ላይ ያለውን ግፊት መቀነስ ነው። ውሃውን ገፍቶ ወደ ፓምፑ የሚያመጣው በገንዳው ፊት ላይ የተጫነው አየር ነው። ስለዚህ ምንም ዓይነት ፓምፕ ቢገዛ ከአየሩ ክብደት በላይ መሳብ አይችልም። በባሕር ወለል ላይ ያ አየር ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ያነሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ አቅሙ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል። ሩብ ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው። ሐዋሳ ላይ 8.4፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ 8.9 ሜትር ገደማ ይሆናል።

እነዚህ በሐሳብ ደረጃ ያሉ ጣሪያዎች ናቸው። በተግባር ከዚያ ላይ የቧንቧው ሰበቃ፣ የኤልቦዎቹ (የቧንቧ መታጠፊያዎቹ)፣ የጎማውና የጭንቅላቱ ድርሻ ይቀነሳል። ዱባይ ላይ ያለምንም ችግር የሚሠራ ዝርጋታ አዲስ አበባ ላይ እንዳለ ቢገለበጥ ፓምፑ ሊጮህ ይችላል። ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ ፓምፑ ውስጥ የውሃ እንፋሎት አረፋ እየተፈጠረና እየፈነዳ ነው። ይህ ነገር ከቆየ ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክፍል ይበላዋል።

መፍትሔው ትልቅ ፓምፕ መግዛት አይደለም። እንዲያውም ትልቅ ፓምፕ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ብዙ ውሃ ለመሳብ ሲሞክር ሰበቃው ይጨምራልና። መፍትሔው ቧንቧውን ማወፈር፣ ርቀቱን ማሳጠር፣ መታጠፊያውን መቀነስና ፓምፑን ዝቅ ማድረግ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የተለመዱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ስስ አየር ሞተርን በደንብ አያቀዘቅዝም። የፓምፕ ቤቱን ጠባብና የታፈነ ሳጥን አታድርጉት፤ በሁለት በኩል የአየር መውጫ ይኑረው።

ፓምፑ ከውሃው በላይ ይሁን ወይስ በታች?

ደጋ ላይ ከሆናችሁ ከውሃው መስመር በታች፣ ወይም ቢያንስ እኩል። ያኔ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ፓምፑ ስለሚመጣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓምፑ ደረቁን አይሽከረከርም።

ዝቅ ካለ ግን ሁለት ግዴታዎች አሉ። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የመሳቢያ መስመር ላይ ከፓምፑ በፊት ቫልቭ ይኑር። አለበለዚያ የፓምፑን ቆሻሻ መያዣ ቅርጫት ለማጽዳት ክዳኑን ስትከፍቱ ገንዳው ወደ ፓምፕ ቤቱ ይፈሳል። ሁለተኛ፣ የፓምፕ ቤቱ ወለል የራሱ የውሃ መውጫ ይኑረው። በክረምት ዝናብ የተጥለቀለቀ ሞተር ለጥገና አይመችም።

ስለ ኤልቦና ስለ መጋጠሚያ ምን ልጠንቀቅ?

ፓምፑ አፍ ላይ ወዲያው 90 ዲግሪ ኤልቦ አታስገቡ። ውሃው እየተሽከረከረ ይገባና ፓምፑ ይረበሻል። ቢያንስ የቧንቧውን ውፍረት አምስት እጥፍ ያህል፣ ለ63ቱ 30 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ቀጥ ያለ ቧንቧ ይኑር። መታጠፍ የግድ ሲሆን ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ኤልቦ ከአንድ 90 ይሻላል።

የመሳቢያው መስመር መንገድ ላይ እንደ ጉብታ ከፍ ብሎ እንዳይወርድ ተቆጣጠሩ። በጉብታው አናት ላይ አየር ይጠራቀምና የውሃውን መንገድ ያጠባል።

እያንዳንዱ መስመር፣ የስኪመሩ፣ የወለል መውጫውና (ገንዳው ወለል ላይ ያለው የመሳቢያ አፍ) የቫኪዩሙ፣ ለየብቻው እስከ ፓምፕ ቤቱ ይምጣ። እዚያ ከየቫልቫቸው በኋላ ይገናኙ። አፈር ስር አገናኝቶ አንድ ቧንቧ ብቻ ማምጣት የሚቆጥበው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ችግር ሲመጣ ግን የትኛው እንደሚያፈስ የምታውቁበት መንገድ የላችሁም። ቫልቮቹ ላይ በማይለቅ ቀለም ስማቸውን ጻፉ። ግቢውን የሚጠብቀው ሰውም ያንብበው።

ማጣበቂያው ላይ ጥድፊያ አይፈቀድም። ሁለቱም ፊት በማጽጃ ፈሳሽ ይጠረግ፣ ሁለቱም ይቀባ፣ ሩብ ዙር እያዞሩ እስከ መጨረሻው ይገፋ፣ ለግማሽ ደቂቃ ተይዞ ይቆይ። ግፊት የሚሰጠው ከአንድ ሙሉ ቀን በኋላ ነው። በፓምፑ ግራና ቀኝ ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም መጋጠሚያ) አስገቡ፤ ፓምፑ ሲበላሽ ቧንቧ ሳይቆረጥ ይወጣል።

ቧንቧው የገንዳውን ግድግዳ የሚያልፍበት ቦታ ለብቻው ይታይ። ኮንክሪት ከፒቪሲ ጋር አይያያዝም፤ በመካከላቸው ውሃ መንገድ ያገኛል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ባለ ኮሌታ የግድግዳ ማሳለፊያ አለ። እሱ ይግባ።

ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ምን ልፈትሽ?

ሁሉንም መስመር ድፈኑና ውሃ ሙሉ። አየሩን አስወጡ። በእጅ ፓምፕ ወደ 2 ባር አድርሱት፣ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ግጠሙና 24 ሰዓት ተዉት። የቀንና የሌሊቱ ሙቀት ትንሽ ያወዛውዘዋል፤ ያ ችግር የለውም። ቀስ እያለ ያለማቋረጥ የሚወርድ ከሆነ ግን የሚያፈስ መጋጠሚያ አለ። ኮንክሪቱ ሲሞላም ግፊቱን አታውርዱ። ቫይብሬተር ወይም አካፋ ቧንቧውን ቢመታው ጌጁ ወዲያው ይነግራችኋል፤ ኮንክሪቱም ገና እርጥብ ስለሆነ ማስተካከል ይቻላል።

ፈተናውን በአየር አታድርጉት። የታመቀ አየር የያዘ ፒቪሲ ከፈነዳ ስብርባሪው ሰው ይጎዳል።

ሌላው ነገር ፎቶ ነው። እያንዳንዱ ቧንቧ ሳይሸፈን በሜትር እየተለካ ይነሳ። ውጭ አገር ሆናችሁ ቤት የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ የጌጁን ፎቶ ጠዋትና ማታ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ፎርማኑን መጠርጠር አይደለም። በኋላ የማይታይ ሥራ ስለሆነ ነው።

የመሳቢያ አፍ ለልጆች አደገኛ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን የወለል መውጫ አንድ ልጅ በሰውነቱ ቢከድነው፣ ፓምፑም ግማሽ ባር ብቻ ቢስብ፣ ልጁን ወደ ወለሉ የሚጫነው ኃይል ከ150 ኪሎ በላይ ነው። ጎልማሳ ጎትቶ አያላቅቀውም። ረጅም ፀጉር ደግሞ ቀዳዳው ሳይደፈን እንኳን ገብቶ ሊቋጠር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር የተባለች የ7 ዓመት ልጅ አሜሪካ ውስጥ በሙቅ ውሃ ገንዳ መውጫ ተይዛ ሞተች። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአሜሪካ የገንዳ ደህንነት ሕግ በስሟ ይጠራል። እዚያ የሚሸጡ የመውጫ ክዳኖች ሁሉ መያዝን የሚከላከሉ እንዲሆኑ ያስገድዳል።

እናንተ ቤት ማድረግ ያለባችሁ ይህ ነው። የወለል መውጫው አንድ ሳይሆን ሁለት ይሁን፤ ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር ተራርቀው በአንድ ቧንቧ ይገናኙ። አንዱ ቢከደን ሌላው ይስባል። በሁለቱ መካከል አንዱን ብቻ የሚዘጋ ቫልቭ አይግባ። ክዳናቸው ጠፍጣፋ ወንፊት ሳይሆን ጎበጥ ያለና ለመያዝ መከላከያነት የተሠራ ይሁን። ክዳን ዕድሜ አለው፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ዓመት እዩ። ከተሰነጠቀ ወይም ከወለቀ እስኪቀየር ድረስ ማንም አይግባ፤ ፓምፑም ይጥፋ።

የቫኪዩም መሰኪያው ደግሞ ባለ ስፕሪንግ ክዳን ይሁን። ጎማ ሲወጣ በራሱ ግጥም ብሎ ይዘጋል። ከዚያም በላይ ቫኪዩም በማታደርጉበት ሰዓት ሁሉ ቫልቩን ፓምፕ ቤት ዝጉት። ቫኪዩም እየተደረገ ልጅ ውሃ ውስጥ አይኑር። የፓምፑ ማጥፊያ ደግሞ ከገንዳው በሩጫ የሚደረስበት ቦታ ይሁን፤ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ሠራተኛዋም ጭምር፣ የት እንዳለ ይወቅ።

ስለ ኤሌክትሪክስ?

የፓምፑ መስመር ኧርዝ ያለውና በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ብሬከር የተገጠመለት ይሁን። ዘንጉ አሉሚኒየም ነው፤ ሲረዝም እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ግቢያችሁ ላይ የመብራት ሽቦ የሚያልፍ ከሆነ ዘንጉን ቀና አድርጋችሁ አትሂዱ።

ምን ምን ዕቃ ልግዛ?

የቫኪዩም ጭንቅላት፣ ጎማ፣ የሚረዝም ዘንግ፣ የግድግዳ ብሩሽ። ገንዳው ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ክብደትና ትንንሽ ተሽከርካሪ እግሮች ያሉት ጭንቅላት ጥሩ ነው፤ ወለሉን ይዞ ይሄዳል። ፋይበርግላስ ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ ከሆነ ግን ከታቹ ብሩሽ ያለውን ምረጡ፤ አይቧጭርም።

ጎማው ባለ 38 ሚሊሜትር ይሁን። አንደኛው ጫፉ የሚሽከረከር ነው። እሱ ወደ ጭንቅላቱ ይሂድ፤ አለበለዚያ ጎማው ይጠመዘዛል። ሁልጊዜ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። የእኛ ፀሐይ ጎማውን ያደርቀዋል፤ የተሰነጠቀ ጎማ ደግሞ አየር ይስባል።

ቫኪዩም ማድረግ ከየት ይጀመራል?

ከቀደመው ማታ። ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉና ፓምፑን አጥፉ። ሌሊቱን አቧራው ይሰፍራል። ጠዋት ማንም ሳይገባ ጀምሩ።

የውሃው ከፍታ የስኪመሩ አፍ መካከል ላይ መድረሱን እዩ። የፓምፑን ቅርጫት አጽዱ። ጭንቅላቱን ከዘንጉና ከጎማው ጋር አያይዙና ወለሉ ላይ አስቀምጡ። አሁን ዋናው ነገር ጎማውን በውሃ መሙላት ነው። ፓምፑን አስነሱ፤ የጎማውን ነጻ ጫፍ ንጹህ ውሃ የሚመለስበት የግድግዳ አፍ ላይ ግጠሙት። ውሃው ጎማውን ይሞላዋል፤ ጭንቅላቱ ጋ አረፋ ይወጣል። አረፋው ሲያቆም ጎማው ሞልቷል። ጫፉን ከውሃ ሳታወጡ ወደ ቫኪዩሙ መሰኪያ ውሰዱትና ስኩት። ጎማው አየር ይዞ ከተሰካ ያ አየር በሙሉ ፓምፑ ውስጥ ይገባና መሳቡ ይቆማል።

ከዚያ የቫኪዩሙን ቫልቭ ክፈቱ፣ የወለል መውጫውን ዝጉ፣ ስኪመሩን በከፊል ተዉት። ከጥልቀት ከሌለው በኩል ጀምራችሁ ወደ ጥልቁ ሂዱ። ቀስ በሉ። እየተደራረበ የሚሄድ መስመር ይሁን። ከፊታችሁ ደመና ከተነሳ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ጭንቅላቱ ከሚስበው በላይ እየቀሰቀሳችሁ ነው። ውሃው ከደፈረሰ አቁሙና እስኪሰፍር ጠብቁ።

ስትጨርሱ መጀመሪያ ፓምፑን አጥፉ፣ ቀጥሎ ጎማውን ንቀሉ። የማጣሪያውን ጌጅ አንብቡ። ንጹህ በነበረበት ጊዜ ከሚያሳየው ግማሽ ባር ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ የአሸዋውን ማጣሪያ ወደኋላ እጠቡት፤ ማለትም ውሃውን በተቃራኒ አቅጣጫ አሳልፉበት። የውሃውን መንገድ የሚቀይረውን የማጣሪያውን እጀታ ፓምፑ እየሠራ በፍጹም አታዙሩ። ውስጡ ያለው የጎማ ማኅተም ይቀደዳል።

መጀመሪያ ይስባል፣ ከዚያ እየደከመ ይሄዳል። ምንድን ነው?

ወደ ገንዳው የሚመለሰውን ውሃ ተመልከቱ። አረፋ ካለው አየር እየገባ ነው፤ አየር የሚገባው ደግሞ በመሳቢያው በኩል ነው። ከቀላሉ ጀምሩ። የውሃው ከፍታ ወርዶ ይሆን? የፓምፑ ክዳን ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ደርቆ ወይም አሸዋ ነክሶት ይሆን? አጥቡትና የሲሊኮን ቅባት ቀቡት። ቫዝሊን አትጠቀሙ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። ቀጥሎ የቫልቮቹን አንገትና የዩኒየኖቹን መጋጠሚያ እዩ። ፓምፑ እየሠራ የመላጫ አረፋ ስትቀቡበት ወደ ውስጥ የሚጠባበት ቦታ ካለ ቀዳዳው እሱ ነው።

አረፋ ከሌለ ነገሩ መታፈን ነው። የፓምፑ ቅርጫት፣ የማጣሪያው ግፊት፣ ጎማው ውስጥ የተቀረቀረ ቅጠል። የጌጁ ንባብ ከተለመደው በታች ከሆነ የታፈነው ከፓምፑ በፊት ነው፤ ከበለጠ ማጣሪያው ነው።

ቆሻሻውን በቀጥታ ወደ ፍሳሽ የማስወጣው መቼ ነው?

የሞተ አልጌ ወለሉ ላይ ሲተኛ፣ ወይም አሉሚኒየም ሰልፌት ተጨምሮ ደለሉ ሲሰፍር። ይህ ዓይነቱ ዱቄት የአሸዋውን ማጣሪያ አልፎ ይመለሳል፤ ጠዋት ያጸዳችሁት ወለል ማታ እንደገና ይለብሳል። የማጣሪያውን እጀታ ወደ ፍሳሽ ብታዞሩት ውሃው ማጣሪያውን ሳይነካ ይወጣል።

ዋጋው ውሃ ነው። በሰዓት 10 ሜትር ኩብ የሚስብ ፓምፕ በ10 ደቂቃ ወደ 1,700 ሊትር ያወጣል፤ ከ10 በ5 ገንዳ ከ3 ሳንቲሜትር በላይ ይቀንሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሮቷችሁ ሙሉ በሆነበት ቀን ይሁን፤ የቆሸሸው ቦታ የት እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩና እሱን ብቻ ፈጥናችሁ ሳቡ። ክሎሪን ያለው ውሃ በቀጥታ አትክልት ላይ ወይም የጎረቤት ግቢ አይለቀቅ።

እየሠራሁ መብራት ቢጠፋስ?

ብሬከሩን አውርዱና የቫኪዩሙን ቫልቭ ዝጉ። መብራቱ በድንገት ሲመለስ አየር የያዘ ጎማ ላይ ፓምፑ መነሳት የለበትም። የፓምፑ ማኅተም የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፤ ደረቁን ጥቂት ከሠራ ይቃጠላል።

ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ያለ መብራትም መሥራት ይቻላል። የተሞላውን ጎማ ጫፍ በእጃችሁ ደፍናችሁ ከገንዳው ውጭ፣ ከውሃው መስመር በታች ወዳለ ቦታ አውርዱትና ልቀቁት። ውሃው በራሱ ይፈሳል፣ ጭንቅላቱም ይስባል። ውሃው ግን አይመለስም።

አሜሪካ ውስጥ ገንዳ ያለው ቤት ገዛሁ። የሚለየው ምንድን ነው?

ቧንቧው በኢንች ነው፤ በአሮጌ ቤቶች አንድ ተኩል፣ በአዲሶቹ ሁለት ኢንች ይበዛል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል የኃይል ቁጠባ ደንብ ምክንያት የሚሸጡት ፓምፖች በአብዛኛው ፍጥነታቸው የሚቀያየር ነው። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ በዝግታ እንዲሠራ ተደርጎ ስለሚቀመጥ ቫኪዩም ስትሰኩ "አይስብም" ትላላችሁ። ለዚያ ሰዓት ብቻ ፍጥነቱን ከፍ አድርጉት። ቤቱ የቆየ ከሆነ የወለል መውጫው አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ልጆች ከመግባታቸው በፊት ባለሙያ ያሳዩት።

ከመሬት በላይ የሚቆም የፕላስቲክ ገንዳ አለኝ። ይህ ሁሉ ይመለከተኛል?

ብዙው አይመለከታችሁም። በአትክልት ጎማ ግፊት የሚሠራ ባለ ከረጢት ቫኪዩም ይበቃል። ቅጠልና አሸዋ ይይዛል፤ ደቃቅ አቧራ ግን ያመልጠዋል።

ሮቦት ብገዛ አይሻልም?

በጀቱ ካለ ጥሩ ነው፤ ከቧንቧው ጋር አይገናኝም፣ ፓምፑንም አያስቸግርም። ግን መለዋወጫው እዚህ በቀላሉ መገኘቱን ሳታረጋግጡ አትግዙ። ከባድ ደለል ሲኖር ደግሞ ያው ወደ እጅ ቫኪዩሙ ትመለሳላችሁ። ሮቦት ያለው ሰውም የቫኪዩም መስመሩን አይተው።

በስንት ጊዜ?

በሳምንት አንዴ። አቧራ በሚበዛበት በበጋ ወይም አጠገባችሁ ግንባታ ካለ ሁለቴ።

ገንዳዬ አልቋል፣ የቫኪዩም መስመር የለውም። ልስበር?

አትስበሩ። ስኪመሩን ተጠቀሙ። ከቅርጫቱ በላይ የሚቀመጥ የቫኪዩም ሳህን የሚባል ክዳን አለ፤ ጎማው እሱ ላይ ይሰካል፣ ቅርጫቱም ከስሩ ቅጠሉን ይይዛል። ቅርጫቱን አውጥቶ ጎማውን በቀጥታ ቀዳዳው ላይ መሰካት የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። ቅጠሉ አፈር ስር ባለ ኤልቦ ላይ ከተሰነቀረ ለማውጣት ያስቸግራል። ሁለት ስኪመር ካላችሁ ቫኪዩም የምታደርጉበትን ከፍታችሁ የሌላኛውን ቫልቭ ወደ ሩብ አውርዱት፤ ኃይሉ ወደ ጎማው ይሄዳል፣ ፓምፑም ከሁለት በኩል ስለሚያገኝ አይጠማም። ሴራሚኩ አርጅቶ ገንዳው የሚታደስበት ጊዜ ሲመጣ፣ ያኔ ግድግዳው መነካቱ አይቀርምና፣ መስመሩን በዚያው አስገቡት።